ከሞዴል አውሮፕላን የድሮ የጦርነት ፎቶግራፍ ለመሥራት፦ 1፡72፣ 1፡48 ወይስ 1፡32?

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአየር ላይ ፍልሚያ መካከል ተነሡ የተባሉ ፎቶግራፎች ብቅ ብለው ብዙ ሰው አስደምመው ነበር። ነገሩ የለየለት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ባለሙያዎች ሲመረምሩ፣ የምስሎቹ ሠሪ ዌስሊ አርቸር የሚባል የቀድሞ አብራሪና የፊልም ሞዴል ሠሪ፣ አውሮፕላኖቹም ሞዴሎች ሆነው ተገኙ። የአርቸር ጥበብ ዛሬም ይሠራል። ማጭበርበሩን እንተወው፤ ከፎቶግራፉ ሥር «ሞዴል ነው» ብሎ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም። ገንዘብ የሚጠይቀው ዕቃው ነው፤ እዚያም ላይ ብዙ ሰው ያለ ቦታው ያወጣል።

ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የትኛው ሞዴል እንደሚያምር ነው። መቅደም ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ በምስሉ ውስጥ አውሮፕላኑ ከካሜራው ስንት ሜትር ርቆ እንዲታይ ይፈለጋል? ያንን ርቀት ለሞዴሉ መስፈርት (1፡72 ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ነው) ሲያካፍሉት ካሜራው የሚቆምበት ቦታ ይገኛል። የሚገዛውን ሞዴል የሚወስነው ይህ ስሌትና የቤቱ ስፋት ነው።

እንግሊዛዊውን ስፒትፋየር እንውሰድ። እውነተኛው አውሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው። በ1፡72 ወደ 15.6 ሴንቲሜትር፣ በ1፡48 23.4፣ በ1፡32 ደግሞ 35 ሴንቲሜትር ይሆናል።

ከመትረየሱ ጋር አብሮ የሚቀርጸው ካሜራ

ጠላት ከፊት ሲሸሽ የሚያሳየውን ደብዛዛ ምስል ለሚፈልግ 1፡72 ይበቃል፤ እንዲያውም ይመረጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊዎች ላይ የተገጠመው ጂ-45 ካሜራ ፊልሙ 16 ሚሊሜትር ብቻ ስለነበር፣ የብረቱን ስፌት ቀርቶ አንዳንዴ የአውሮፕላኑን ዓይነት መለየት ያስቸግራል። በዚህ ምስል ላይ በውድ ሞዴል ያለው ዝርዝር ሁሉ ይጠፋል። አብራሪዎች ከሚተኩሱባቸው ርቀቶች አንዱ 250 ያርድ፣ ማለትም 229 ሜትር ያህል ነበር። ይህ በ1፡72 3.2 ሜትር ነው፤ ከተራ ሳሎን አያልፍም። በ1፡48 4.8 ሜትር፣ በ1፡32 ከ7 ሜትር በላይ ይጠይቃል፤ ለዚያ አዳራሽ መከራየት ሊያስፈልግ ነው። ኤርፊክስ የሚባለው ኩባንያ የ1፡72 ስፒትፋየር ከርካሾቹ አንዱ ሲሆን ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድለውም።

ቦምብ ጣይ ለሚወድም መልሱ ያው ነው። ቢ-17 በ1፡72 ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 44 ሴንቲሜትር ነው፤ በ1፡32 አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ግዙፍ ነገር ይሆናል። ማን ያንሣው፣ የትስ ይቀመጥ?

ከጎን ከሚበር ባልደረባ የተነሣ ምስል

እዚህ ፍርዱ ይለወጣል። አሜሪካውያን ከአውሮፕላን ላይ ይጠቀሙበት የነበረው ኬ-20 ካሜራ ኔጋቲቩ 10 በ12.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነበር፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ የተላጠ ቀለምና የጭስ ጥቀርሻ ሳይቀር ያሳያል። ርቀቱ 30 ሜትር ቢሆን፣ ካሜራው ከ1፡72 ሞዴል 42 ሴንቲሜትር፣ ከ1፡48 62፣ ከ1፡32 94 ሴንቲሜትር ላይ ይቆማል። ካሜራ በቀረበ ቁጥር የትኩረቱ ጥልቀት ይሳሳል፤ አፍንጫው ጠርቶ ጅራቱ ከደበዘዘ የተመልካች ዓይን ወዲያው «መጫወቻ» ይላል። ስለዚህ 1፡72 በዚህ ሥራ ይቸገራል። 1፡32 ከሁሉም ያመቻል፤ ፕሮፔለር የሚያዞር ትንሽ ሞተር እንኳ በውስጡ ይገባል። ዋጋው ግን ከትንሹ ብዙ እጥፍ ነው፣ መገጣጠሙም ትዕግሥት ይፈጃል። እኔ ብጠየቅ 1፡48 እላለሁ፤ የሞዴል ኩባንያዎቹ የታሚያና የኤድዋርድ ሥራዎች በዚህ መስፈርት ዝርዝራቸው ከበቂ በላይ ነው።

ስልክ ወይስ ትልቅ ካሜራ?

ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር አለ፤ ስልክ በዚህ ሥራ ይጠቅማል። ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ያለውን ሁሉ ጥርት አድርጎ ይይዛል። ከጀርባ ያለውን የሚያደበዝዘውን «ፖርትሬት» የሚባል አሠራር ግን ማጥፋት ይገባል። ስልኩ ጥላውን ሁሉ ላብራ ሲልም መከልከል ነው፤ የድሮ ፊልም እንዲህ ያለ ደግነት አያውቅም። ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ በእጁ ያለ ሰው የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 ወይም 22 አጥብቦ፣ በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስቀምጦ ያንሣ። ኤፍ 22 ላይ ምስሉ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ለእኛ ጉዳይ እሰየው ነው። የስልኩ ድክመት ፕሮፔለር ላይ ነው። ሲዞር እንዲደበዝዝ የመዝጊያውን ፍጥነት ወደ 1/30 ሰከንድ ማውረድ የግድ ሲሆን፣ ይህን የማይፈቅድ ስልክ ብዙ ነው። የቆመ ፕሮፔለር ይዞ በሰማይ የሚንሳፈፍ ተዋጊ ደግሞ ወይ ሞተሩ ጠፍቷል ወይ ሞዴል ነው።

ትርፍ ገንዘብ ካለ ለመብራትና ለማቆሚያ ይዋል። በናይለን ክር የተንጠለጠለ ሞዴል ይወዛወዛል። ካሜራው በማያየው ጎን የተሰካ ቀጭን ዘንግ ይሻላል፤ የቀረ ነገር ቢታይ ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም በነፃ ይጠፋል። ብርሃኑ አንድ፣ ራቅ ያለ ይሁን፤ ሁለት ጥላ ያለው አውሮፕላን ሁለት ፀሐይ ያስፈልገዋል። የጠዋት ፀሐይ ከማንኛውም አምፖል ትበልጣለች። ለጭስ የተፈለቀቀ ባዘቶ በቂ ነው።

ቀለሙን ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለውጡ ዘመኑን ይለዩ። በአንደኛው ጦርነት ዘመን የተለመደው ፊልም ቀይን አያይም ነበር፤ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ክብ ምልክት ላይ ቀዩ ሊጠቁር ሲደርስ ሰማያዊው ይነጣል። በኮምፒውተር ቀዩን ዝቅ፣ ሰማያዊውን ከፍ ማድረግ ነው። እውነተኛ ፊልም ለሚወድ ኢልፎርድ ኦርቶ ፕላስ ይህንኑ ጠባይ ይዞ ይሸጣል፤ ከማጠቢያው ጋር ግን ወጪው ይከብዳል። ለሁለተኛው ጦርነት ይህ አያስፈልግም።

የራሳችንን ታሪክ ለሚፈልግ፣ በ1969 ዓ.ም. ክረምት በኦጋዴን ሰማይ ከሶማሊያ ሚግ-21ዎች ጋር የተፋለመው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ኤፍ-5ኢ በሦስቱም መስፈርት ይገኛል። ጄት ስለሆነ የፕሮፔለሩ ጣጣ የለም፤ ለጀማሪ ጥሩ ምርጫ ነው።

ሞዴሉን ከውጭ በዘመድ እጅ ለሚያስመጣ አንድ ነገር ልጨምር። የኢናሜልና የላከር ቀለም፣ የፕላስቲክ ማጣበቂያውም ተቀጣጣይ ስለሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀዱም። የታሚያ አክሪሊክ እንኳ አልኮል አለበት። በውኃ የሚሠራ እንደ ቫሌሆ ያለ ቀለም ይዘዙ፤ ማጣበቂያውን እዚሁ ይፈልጉ።