ባለ ፊሽካዋ ወይስ ባለ ቁልፉ? ደሴ ላይ ፕሬዠር ኩከር ለምትገዙ

ሰሞኑን ቡና በተጠጣ ቁጥር «ፕሬዠር ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻላል?» የሚለኝ አይጠፋም። እዚህ ልጻፈውና ልገላገል። ምድጃ ላይ የምትጣደዋን፣ ባለ ፊሽካዋን ግዙ። ኤሌክትሪኩን ገዝቼ ተበልቻለሁ።

ፕሬዠር ምን ያደርጋል የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ደሴ እኮ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍ ሲባል አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላና ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ ሽምብራው ሲንተከተክ ይውልና ጥሬውን ያመሻል። እህቴ ኮምቦልቻ ነው ያለችው፣ ሐረጎን ወርዳችሁ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ እሷ ቤት ያው ሽምብራ ቀድሞ ይበስላል። «እጅሽ ነው» ትለኛለች። እጄ አይደለም! ፕሬዠር እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል፣ ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው።

ወደ ብሩ። ኤሌክትሪኩን አምና 10,500 ብለውኝ ስከራከር ውዬ በ9,500 ወሰድኩት። አልዋሽም፣ ቁልፉን ተጭኖ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ ደስ ይላል። በ7ኛው ወር መብራት ሄዶ ሲመለስ ብልጭ አለና ጠፋ። ፒያሳ አንድ ጠጋኝ ከፍቶ ለማየት ብቻ 300 ብር ተቀበለኝና «ቦርዱ ነው፣ መለዋወጫ የለውም» አለኝ። 9,800 ብር ለ7 ወር አካፍሉት፣ በወር 1,400 ብር!

ባለ ፊሽካዋን ከ3 ዓመት በፊት በ2,600 ነው የገዛኋት። የክዳኗን ጎማ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፣ አንዱ 250። ድምሩ 3,100፣ በወር 86 ብር ማለት ነው፣ ያውም ኤሌክትሪኩ በነበረ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ተኝታ ከርማ። አሁን 4,500 ይጠሩባታል፣ 4,000 ድረስ አውርዷቸው። መብራት ከጠፋ ቡታጋዝ ላይ ትጣዳለች።

ግን አስመስለው የሠሯትን ተጠንቀቁ። ጎረቤቴ «በ1,800 አገኘሁ» ብላ ደስ ብሏት መጣች። ጎኗ ስስ፣ እጀታዋ በወሩ የላላ፣ እንፋሎቱ በፊሽካዋ ሳይሆን በክዳኗ ዙሪያ የሚወጣ። ላይዋ ላይ የተለጠፈው ስም በጥፍር ይላጣል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጎማዋ ለብቻዋ ትሸጥ እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልተሸጠች ተዉት። ክዳኗን ወደ ብርሃን አንስታችሁ በእንፋሎት ቀዳዳዋ እዩ፣ ማዶው መታየት አለበት። እቤትም ከመጣድ በፊት ሁሌ እንዲሁ እዩ። ከፊሽካዋ ሌላ የአደጋ ማምለጫ፣ ፊሽካዋ ብትደፈን እንፋሎቱ የሚወጣበት ማለቴ ነው፣ ከሌላት በነፃም አልቀበላትም።

የእኔ ክክ እንዲህ ነው። 2 ብርጭቆ ክክ አጥቤ በ6 ብርጭቆ ውሃ እጥዳለሁ፣ አረፋውን እንዲያበርድልኝ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አደርጋለሁ። ክክ ሲሆን ከግማሽ በላይ አትሙሏት፣ አረፋው ቀዳዳዋን ይደፍናል። ስታፏጭ እሳቱን ቀንሼ 10 ደቂቃ። ከዚያ አውርጄ እንፋሎቱ በራሱ እስኪወጣ እተዋታለሁ፣ በግድ መክፈት የለም፣ ፊት ያቃጥላል። እስከዚያ በሌላ ድስት ሽንኩርቱንና በርበሬውን አቁላላለሁ፣ ክኩን ከነውሃው ገልብጬበት ትንሽ ሲንተከተክ ነጭ ሽንኩርትና ጨው፣ አለቀ።

የኤሌክትሪኩን የውስጥ ድስት ግን አልጣልኩትም። የሽሮ ዱቄት አስቀምጥበታለሁ፣ የ9,800 ብር የሽሮ ዕቃ።