ድሬ ላይ አቤቱታ የሚጽፍልሽ ሰው ለምትፈልጊ ሁሉ

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተርና ፕሪንተር ይዘው አቤቱታ ለሚጽፉ እትዬ ነው። ጥቆማው ደግሞ የፍቺ፣ የቀለብ፣ የንብረት ወይም የልጅ ጉዳይ ይዛችሁ «ከየት ልጀምር?» ለምትሉ እህቶቼ። ስማቸውን አልጽፍም። «ስሜን ፌስቡክ ላይ ካየሁት ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳትደርሺ» ብለውኛል። ያሉትን ደግሞ ያደርጋሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ግልጽ ላድርግ። እትዬ ጠበቃ አይደሉም። ችሎት ቆመው አይከራከሩልሽም። ብዙ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አሁን ክስ፣ መልስና ማመልከቻ ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ድሬ ውስጥ ሞልቷል። እትዬ ግን ከመጻፋቸው በፊት ይጠይቃሉ። የሚለዩትም በዚህ ነው።

እኔ እሳቸው ጋ የሄድኩት ሌላ ቦታ የተጻፈ ክስ ይዤ ነበር። የት እንደተጻፈ ይቅር። አንዲት ገጽ ናት። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው አነበቡና ቀና ብለው አዩኝ።

«ሦስተኛው የታለ?»

«የቱ ሦስተኛ?»

«ልጅሽ ነዋ። ሦስት ልጆች አፍርተናል ይላል እኮ።»

ያሉኝ ሁለት ልጆች ናቸው። ሰውዬው የሌላ ሴት ክስ ላይ ስም ቀይሮ ነው የሸጠልኝ። አቦ፣ እንዲህም አለ!

ከዚያ እስክሪብቶአቸውን ወረቀቱ መጨረሻ ላይ አሳረፉ። የተጠየቀው ዳኝነት «ፍቺ እንዲወሰንልኝ» የሚል ብቻ ነበር። «ልጄ፣ ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥም» አሉኝ። «ልጆቹ ከማን ጋር ይሁኑ? ውሳኔ እስኪሰጥ ምን ትበላላችሁ? ቤቱስ?»

ቤቱ ነበር ያስጨነቀኝ። ሳቢያን ነው ያለው፣ ካርታው በባለቤቴ ስም ነው። ደላላ ሰው ይዞ መጥቶ ግቢውን ሲያሳይ ጎረቤት ነገረችኝ። ዘመዶቹም «ቤቱ በስሙ ነው፣ አንቺ ደሞዝ እንኳ የለሽ፣ ምን አገባሽ» እያሉ ሲደጋግሙብኝ ሰንብተዋል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የልጆቼ አባት ነው።

እትዬ ከመሳቢያቸው ጠርዙ ያለቀ የአዋጅ ቅጂ አወጡ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ድሬዳዋ ልክ እንደ አዲስ አበባ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ እኛን የሚገዛን ይህ ሕግ ነው። አንቀጽ 63ን ራሴ እንዳነብ ሰጡኝ። ንብረቱ በአንደኛው ስም ቢመዘገብም፣ ያ ሰው የግሌ ነው ብሎ ካላስረዳ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ማስረዳት ያለበት እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም ማለት ነው። ደሞዝ የለሽም ለሚሉኝም መልስ ነበረው። በጋብቻ ጊዜ የተፈራው የጋራ ንብረት በመርህ ደረጃ እኩል ነው የሚካፈለው። ሕጉ ገንዘቡን ወደ ቤት ያመጣው ማን ነው ብሎ ሚዛን አያወጣም።

ቀጥለው አንቀጽ 68ን አሳዩኝ። የጋራ ቤት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ ወይም ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድሽ ከተሸጠ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ግን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ብታውቂም ባታውቂም ሽያጩ ሁለት ዓመት ካለፈው በሩ ይዘጋል። እህቶቼ፣ ይህችን ያዟት። «ሽማግሌ ይዞታል፣ ታገሺ» እየተባለ ስድስት ወር እንዴት እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን።

«ከተሸጠ በኋላ ከመሯሯጥ ሳይሸጥ ማሳገድ ይሻላል» ብለው የእግድ አቤቱታውን ለብቻው ጻፉት። እዚህ ላይ ነው ልምዳቸው የታየኝ። እግድ ለባል ብቻ ቢነገር ዋጋ የለውም። ትዕዛዙ ይዞታ የሚመዘግበው ቢሮ ካልደረሰ ሰውዬው ነገ ሄዶ ስም ያዛውራል። ስለዚህ ትዕዛዙ ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንዲጻፍ አቤቱታው ላይ ጠቅሰው ጠየቁ። እግዱ ሲሰጥ ደብዳቤውን ባጃጅ ይዤ ራሴ ያደረስኩት ያኔውኑ ነው።

ቀለቡንም በዚያው ጨመሩት። የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያው ጊዜያዊ ትዕዛዝ መስጠት እንዳለበት አንቀጽ 82 ይናገራል። እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። በዚያ መሃል ልጆች ይበላሉ፣ ትምህርት ቤት ይከፈላል። ብዙ ሴት ግን ትዕዛዙን ሳትጠይቅ በዕቁብና በብድር ትገፋዋለች።

ሌላው ጣጣ የጋብቻ ማስረጃው ነበር። ሰማንያችን ያለው እሱ ጋ ነው። «እሱ አልሰጥም ቢል ሚስት አልነበረችም ሊባል ነው?» ብዬ ደነገጥኩ። እትዬ ሳቁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌለ፣ ሁለቱ ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት እያዩ መኖራቸው፣ ቤተሰቡና አካባቢውም እንደዚያው የሚያያቸው መሆኑ ማስረጃ ይሆናል። ከዚያ ዝርዝር ሰጡኝ። የልጆቹ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የቀበሌ ቅጽ። በመጨረሻ «የእድር ደብተርሽን አምጪ» አሉኝ። ደብተሩ ላይ ከስሜ ጎን «የእገሌ ባለቤት» ተብሎ በእድሩ ዳኛ እጅ ተጽፏል፣ ከነመዋጮው። ስንት ለቅሶ ቤት ዳቦ የተሸከምኩበት ደብተር ፍርድ ቤት ገብቶ ይመስክርልኛል ብዬ መቼም አስቤ አላውቅም።

አንድ ቀን ተራ ስጠብቅ ያየሁትንም ላጫውታችሁ። ከዋሂል በኩል የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። አማርኛ አይችሉም። እትዬ ኦሮምኛውም ሶማሊኛውም እንደ ውሃ ነው፣ የድሬ ልጅ ናቸዋ። ክሱን በአማርኛ ከጻፉ በኋላ ቁጭ ብለው መስመር በመስመር በኦሮምኛ አነበቡላቸው። እናትየው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሲሰሙ ቆዩና ፍየሎቹ ጋ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ። ሰባት ፍየል የጋራ ተብሎ ተጽፏል። «አይደለም» አሉ። ሁለቷ እናታቸው የሰጧቸው ናቸው። ሲያገቡ ይዘዋት የመጡት አንዲት እናት ፍየል፣ ሌላዋ ደግሞ በኋላ የተሰጠቻቸው። እትዬ ወዲያው ሰርዘው «አምስት የጋራ፣ ሁለት የግል» ብለው አስተካከሉ። ለእኔም ዞር ብለው አስረዱኝ። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በጋብቻ ውስጥ በስጦታና በውርስ የመጣ ንብረት የግል ነው። እናትየው አዋጁን አንብበው አያውቁም። ፍየሎቻቸውን ግን ያውቃሉ።

ትንሽ ዝቅ ሲልም «ሲጠጣ ይመታኛል» የሚል ነበር። እናትየው እንደገና አስቆሙ። «አይጠጣም። ሳይጠጣ ነው የሚመታኝ።» እትዬ «ሲጠጣ» የምትለውን አጠፉ። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርን ሴቶች ዝም አልን። በክሱ መጨረሻ «ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የሚል መስመር አለ፣ ሁላችንም የምንፈርምበት። አማርኛ የማትችል ሴት ያልተነበበላትን ነገር ስንት ጊዜ ፈርማ አረጋግጣ ይሆን?

የባል ወገን ጉዳዩ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታይ ብሎ ነበርና እትዬ እናትየውን የት ይሻለኛል እንደሚሉ ጠየቋቸው። ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ መብታቸው ነው፣ ብዙ ሰውም ወዶ ይሄዳል። ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ምርጫው የእሳቸውም ጭምር ነው። እናትየው «ቤቴ ገብቼ ላስብበት» አሉ። እትዬም አልገፏቸውም። ክሱን አትመው በፖስታ ሰጧቸውና «ሲወስኑ ይምጡ» አሏቸው።

እትዬ መዝገብ ቤት የገቡት የድሮው ሕግ በሚሠራበት ዘመን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ ያደርግ ነበር፤ ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር። ፍቺውንም በአብዛኛው የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። የ1992ቱ ሕግ ይህን ለወጠ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፣ ፍቺ የሚወስነውም ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ለዚህ ለውጥ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር ብዙ ታግሏል። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይሁን እንጂ ዛሬም «ሽማግሌ ፈታን» ብለው ወረቀት ይዘው እትዬ ጋ የሚመጡ አሉ። ያ ወረቀት ፍቺ አይደለም። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያደራድራል፤ ማፋታት ግን አይችልም።

የተደበደበች ሴት ስትመጣ እትዬ መጻፍ አይጀምሩም። መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይልካሉ። ቁስል ይድናል፣ የሕክምና ማስረጃው ግን ያን ጊዜ ካልተያዘ በኋላ አይገኝም። ሚስትን መምታት የቤት ውስጥ ገመና ሳይሆን ወንጀል ነው፤ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 564 በትዳር አጋር ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለይቶ ጠቅሷል። ይህን ለማስረዳት አንድ ሳንቲም አያስከፍሉም።

የእኔ ጉዳይ የት ደረሰ ለምትሉ፣ ፍቺው ተወስኗል። ልጆቹ ከእኔ ጋር ናቸው፣ ቀለቡ ይከፈላል። ክፍፍሉ አፈጻጸም ላይ ስለሆነ ዝርዝሩን አልናገርም። ቤቱ አልተሸጠም።

አሁን እንከናቸውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሙገሳ ብቻ ሲሆን ዘመዷ ናት ትሉኛላችሁ። ስልክ አያነሱም። ይቆጣሉ። ወሬ ካበዛሽ «ይሄ ለጎረቤትሽ፣ ለዳኛ የሚሆነውን ንገሪኝ» ይሉሻል። ተደራራቢ ክርክር ከሆነ ደግሞ «ይሄ ጠበቃ ይፈልጋል» ብለው ይመልሱሻል። መክፈል ለማትችልም ነፃ የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጥበት ይመሯታል። ለዳኝነት የሚከፈለው ገንዘብ ከሌለሽ በድሃ ደንብ ለመክሰስ የሚቀርበውን ማመልከቻ ይጽፉልሻል። ዋጋቸውን ሥራ ሳይጀምሩ ይናገራሉ። ጨምሪ የሚል ነገር በኋላ አይመጣም።

ሐረር ሆናችሁ የምታነቡ፣ የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ ኦሮሚያም እንዲሁ። እዚህ የጠቀስኳቸውን የአንቀጽ ቁጥሮች እንዳለ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። እትዬ የክልሎቹንም ያውቃሉ፣ ከሐረማያ የሚመጡ ደንበኞችም አሏቸው።

ስትሄዱ መታወቂያ፣ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ኮፒና ዋናውን፣ የምስክሮቻችሁን ሙሉ ስምና አድራሻ ያዙ። ቀጠሮ ካላችሁ ቀኑ ሊደርስ ሲል አትሂዱ፣ ቀደም በሉ። አቅጣጫውን በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ግን አትድከሙ። የድሬ ሙቀት ነው፣ እትዬ ይተኛሉ። በዚያ ሰዓት በሩን ያንኳኳች ሴት ተራዋ መጨረሻ ይሆናል፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።