የወረቀት መንኮራኩር፦ 1 ለ 1000፣ 1 ለ 1400 ወይስ 1 ለ 2500?

የመጀመሪያዎቹን ሦስት የወረቀት የጠፈር መንኮራኩር ሞዴሎቼን ንድፋቸው ከኢንተርኔት እንደወረደ አሳተምኳቸው። ቆርጬ፣ ለጥፌ፣ መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው። የእህቴ ልጅ መጣና ከትልቋ መርከብ የምትነሳውን ትንሿን ማመላለሻ አነሳት። «አጎቴ፣ ይቺ እዚህ ውስጥ ነው የምታድረው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ማመላለሻዋ ከእናት መርከቧ ትበልጥ ነበር። እያንዳንዱ ንድፍ አውጪ ለራሱ ወረቀት በሚመቸው መጠን ነው የሳለው፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ ብሎ ያሰበ የለም።

ከዚያ ወዲህ ከሞዴሉ በፊት ስኬሉን፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው መጠን ስንት እጥፍ እንደሚያንስ፣ እመርጣለሁ። በ1 ለ 1000፣ በ1 ለ 1400ም በ1 ለ 2500ም ሠርቻለሁ። ገንዘባችሁን ለወረቀትና ለቀለም ከማውጣታችሁ በፊት ልዩነታቸውን ላሳያችሁ።

መለኪያችን በ2016 ግንቦት የተመረቀው የባሕር ዳሩ አዲሱ የአባይ ድልድይ ይሁን። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ወርዱ 43 ሜትር ነው። የስታር ትሬክ ፊልሞች የመጀመሪያዋ መርከብ ኢንተርፕራይዝ 289 ሜትር ገደማ ስለሆነች ድልድዩ ላይ ብትተኛ ቦታ ይተርፋታል። ኋላ የመጣችው ኢንተርፕራይዝ ዲ ግን 642 ሜትር ገደማ ናት፤ ድልድዩን ሞልታ ሌላ ሁለት ሦስተኛ ድልድይ ትፈልጋለች። የስታር ዋርስ ፊልሞቹ የጦር መርከብ ስታር ዲስትሮየር 1600 ሜትር ነው፤ አራት ድልድይ ተቀጣጥሎም አይበቃው። 35 ሜትር የማትሞላው የዚያው ፊልም ትንሽ መርከብ ሚሊኒየም ፋልከን ደግሞ በድልድዩ አግድም ትቆማለች። እንግዲህ እነዚህን ሁሉ አንድ መደርደሪያ ላይ ማስማማት ነው ጣጣው።

1 ለ 1000 ሒሳቡ ደስ ይላል። አንድ ሜትር አንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ አለቀ። የመጀመሪያዋ ኢንተርፕራይዝ 29 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፣ ድልድዩ 38። በዚህ መጠን መስኮቱ ይታያል፣ ጣትም ይገባል። ለጀማሪ ከዚህ የሚመች የለም። ችግሩ ትልልቆቹ ሲመጡ ነው። ዲ 64 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ስታር ዲስትሮየሩ 1 ሜትር ከ60 ይሆናል፤ ከእናቴ ይረዝማል፣ የት አባቴ ላስቀምጠው? ጣና ላይ የምትቀዝፈው 4 ሜትር የደንገል ታንኳ ደግሞ በዚሁ ስኬል የምስር ፍሬ ታክላለች።

1 ለ 2500 የዚህ ተቃራኒ ነው። ስታር ዲስትሮየሩ 64 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ዲ ወደ 26 ትወርዳለች። በ1 ለ 1000 12 ገጽ የሚፈጅ ንድፍ፣ ክፍሎቹን አጠጋግታችሁ ከደረደራችሁ 2 ገጽ ይበቃዋል። ኮፒ ቤት በገጽ ስለሚያስከፍል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን የመጀመሪያዋ ኢንተርፕራይዝ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ትቀራለች፤ ሞተሮቿን መጠቅለል የእስክሪብቶ ቀፎ መጠቅለል ነው። ፋልከን 1.4 ሴንቲ ሜትር ናት፤ እሷንስ ተዉአት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ወረቀቱን ነው። ንድፉ ሲያንስ የወረቀቱ ውፍረት አብሮ አያንስም። 160 ግራም ወረቀት (በካሬ ሜትር ማለት ነው) 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። በ1 ለ 1000 ይህ 20 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ማለት ነው፤ ያስኬዳል። በ1 ለ 2500 ግማሽ ሜትር ይሆናል። ያኔ ማጠፊያው ያብጣል፣ ሾጣጣው አልገጥም ይላል። ስለዚህ ለ1 ለ 1000 ከ160 እስከ 200 ግራም ግዙ። ለ1 ለ 2500 ተራው ባለ 80 ግራም የኮፒ ወረቀት ራሱ ይሻላል፤ የወፈረውን ለውስጥ ድጋፍ ብቻ ተጠቀሙበት።

እኔ የተቀመጥኩት 1 ለ 1400 ላይ ነው። ኢንተርፕራይዟ 20.6 ሴንቲ ሜትር፣ ዲ 46 ገደማ ይሆናሉ። ስታር ዲስትሮየሩ አሁንም 1 ሜትር ከ14 ነው፤ እሱን ትቼዋለሁ። ያሸነፈኝ ግን የኮፒ ማሽኑ ነው። ከኤ 3 ወደ ኤ 4 መቀነሻው 71 በመቶ ነው፤ ከ1 ለ 1000 ወደ 1 ለ 1400 የሚወስደውም 71 በመቶ። ሁለት ገጽ አንድ ገጽ ላይ ይገባል፣ ወጪው በግማሽ ይወርዳል።

ለሌላ ስኬል ሒሳቡ ይኸው፦ የድሮውን በአዲሱ አካፍሉ፣ በመቶ አባዙ። ከ1000 ወደ 2500 ስትሄዱ 40 በመቶ ይመጣል። ንድፉ ስኬሉን ካልጻፈ የመርከቧን ርዝመት ተሠርቶ በሚያልቀው ሞዴል ርዝመት አካፍሉ፤ ሁለቱም በሴንቲ ሜትር ይሁኑ። 289 ሜትሯ 36 ሴንቲ ሜትር ሆና ከወጣች 1 ለ 803 ነች፤ ወደ 1400 ለማምጣት 57 በመቶ። ርዝመቱን የማይናገር ንድፍ በገንዘብ አትግዙ።

ተዋጊ ጄት መሰሎቹን ከዚህ ሰልፍ አውጧቸው። 12.5 ሜትር ኤክስ ዊንግ በ1 ለ 1000 የጥፍር ያህል ነው። ለነሱ 1 ለ 72 ይሁን፤ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ፋልከን አጠገቡ 48። ሌላ መደርደሪያ ማለት ነው።

ህትመቱን በሌዘር አሠሩት። ተራ የኢንክጄት ቀለም ኮላ ሲነካው ይፈሳል፤ በክረምት የጣና እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው። ሌዘር ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፤ እሱን ግን ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመሩን ቀድሞ መጫንና ነጩን በማርከር መንካት ያስተካክለዋል።

ኮፒ ቤት ስትሄዱ ልጁ አጠገብ ቁሙ። እኔ ፍላሹን ሰጥቼ ማኪያቶ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ግማሹ ገጽ በትክክለኛው መጠን፣ ግማሹ «ከወረቀቱ ጋር አስማማ» በሚለው ታትሞ ጠበቀኝ። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ስለጥፍ ነው ቀለበቱ አልዘጋ ያለኝ። አሁን እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር መስመር አስገብቼ፣ ከመክፈሌ በፊት በማስመሪያ እለካለሁ።

ለእህቴ ልጅ ማመላለሻዋን በ1 ለ 1400 ደግሜ ሠራሁለት። 5 ሚሊ ሜትር ናት፣ በወረንጦ ነው የምትያዘው። አየት አደረገና የድሮዋን፣ ትልቋን ይዞ ሄደ።