ለሲስተር ምስጋና፣ ለባሕር ዳር ሰዎች ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንዲት ነርስ ለማመስገን ነው። "ስሜን እንዳትጽፊ" ስላለችኝ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ። ጽኑ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ባለ አንድ ግቢ ሰብስባ ታወያያለች። በነፃ ነው።

እናቴ ሞሰብ ሰፊ ናት። ካንሰሩ ከጡቷ አልፎ አጥንቷ ጋ ደረሰ፤ ኬሞው ደግሞ ጣቶቿን አደነዘዛቸው። ወስፌ መያዝ አቃታት። ጠያቂው ሁሉ "አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል" ይላታል። "አሜን" ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ሲስተር ግን ጠየቀቻት። "እማማ፣ ስፌቱን ማን አስተማረዎት?" እናቷ። "እርስዎስ ማንን አስተማሩ?" እማዬ ዝም አለች። በሳምንቱ ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ አክርማ አስያዘቻት። አሁን ቤቱ ሁሉ አለላ በአለላ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ "ኧረ ጠሟል፣ ፍቺው!" ነው።

ዘዴው የእኔ አይደለም ትላለች ሲስተር። ኒውዮርክ፣ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል፣ የአእምሮ ሐኪሙ ዊሊያም ብራይትባርትና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት ነው። መነሻቸው ከናዚ ማጎሪያ የተረፈው የቪየናው ሐኪም የቪክቶር ፍራንክል ሐሳብ ነው፦ ሰው መከራ ላይ ሆኖም ለኑሮው ትርጉም ያገኛል። ስምንት ሳምንት፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ካንሰራቸው የከፋ 253 ሰዎች ተካፍለዋል። በዚህ መንገድ የተወያዩት፣ በተለመደው የመደጋገፍ ውይይት ከተካፈሉት ይልቅ ተስፋ መቁረጣቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። ከመታመምህ በፊት ማን ነበርክ? አሁንስ? ከወላጆችህ ምን ወረስክ? ምን ትተህ ታልፋለህ? አንድ አባት "እኔ ታንኳ ከመሥራት ሌላ ምን አውቃለሁ" ብለው ጀመሩ። ደንገሉ እንዴት እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ እንዴት እንደሚታሰር ሲያወሩ ሰዓቱ አለቀ፤ ሌላው ተራ አላገኘም። ሲስተር አላቋረጠቻቸውም። እኔ ብሆን አቋርጥ ነበር። (ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።)

አንድ ደንብ አላት። ሕመሙን ያላወቀ ሰው አታስገባም። በእኛ አገር ዘመድ የካንሰርን ስም ከታማሚው ይደብቃልና ይህ ብዙዎችን ያስቆጣል። ግን እሷ ትክክል ናት። የማያውቀውን ነገር ሰው እንዴት ይወያይበታል? ደግሞም አብዛኛው ታማሚ አውቆ ነው ዝም የሚለው።

ፈውስ ፍለጋ ከሆነ አትምጡ። ሕክምናችሁን አታቋርጡ፤ ጠበሉንም አትከለክልም። ሕመሙ ቁጭ የማያስብል ከሆነ ግን መጀመሪያ ማስታገሻ እንዲታዘዝላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ ትላለች።

አዲሱ ዙር ከፋሲካ በኋላ ይጀምራል። ከስምንት ሰው በላይ አትቀበልም፣ ስለዚህ ቶሎ በሉ። ቦታውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ባጃጁ በር ድረስ ይገባል። ቡና ተራ በተራ እናፈላለን፤ ስኳር ሁሌ ስለሚያልቅብን ይዛችሁ ኑ።