ለግድግዳ የቱ ይሻላል? ብሎኬት፣ የአፈር ብሎክና አግሮስቶን በካሬ ሜትር ሲመዘኑ

ግድግዳ ሊያስገነባ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የአንዷን ብሎኬት ዋጋ ነው። ብዙ ጊዜም ጥያቄው እዚያው ያበቃል። «ለአካባቢ ተስማሚ» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ እውነትም ተስማሚ መሆኑ የሚታወቀው ግን አንድ ካሬ ሜትር ያለቀ ግድግዳ ስንት ኪሎ ሲሚንቶ እንደሚበላና ውሃ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ሲታይ ነው። ሲሚንቶውን የምንቆጥረው ስለ ብሩ ብቻ አይደለም። ዋናው ክፍሉ ክሊንከር 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ይጋገራል፤ ከነዳጁ ጭስ ሌላ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል።

ስሌቱ እነሆ። ባለ 15 ሴንቲ ብሎኬት (40 በ20 በ15) ለአንድ ካሬ 12.5 ይገባል፤ ስብራት ሲታሰብ 13 በሉት። ከአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ 40 ያህል ብሎኬት ይወጣል ካልን ለካሬው ወደ 16 ኪሎ ይሆናል። ሞልታው 4 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። በውስጥም በውጭም ሁለት ሁለት ሴንቲ ሲለሰን ሌላ 15 ኪሎ ይመጣል። ድምሩ 35 ኪሎ ነው።

የተጨመቀ የአፈር ብሎክ (29.5 በ14 በ9) ለአንድ ካሬ 33 ይፈልጋል። አንዱ ወደ 7 ኪሎ ይመዝናል። ከክብደቱ 6 በመቶ ሲሚንቶ ቢገባበት ለካሬው 14 ኪሎ ነው፤ ከአፈርና ከአሸዋ ጋር የተቦካው ሞልታ 3 ኪሎ ይወስዳል። ድምሩ ሳይለሰን 17 ኪሎ፣ የብሎኬቱ ግማሽ።

እዚህ ላይ ግን ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት። ብሎክ ከብሎክ ሲወዳደር ልዩነቱ 2 ኪሎ ብቻ ነው። ቁጠባው ያለው ልስኑ ላይ ነው! የአፈር ብሎክ ገዝቶ ሁለቱንም ፊት በሲሚንቶ የሚያስለስን ሰው 32 ኪሎ ላይ ይደርሳል፤ የደከመበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ደግሞም ድርቅ ያለ የሲሚንቶ ልስን በአፈር ግድግዳ ላይ እርጥበት ያፍናል፣ ውሎ አድሮም የብሎኩን ቆዳ ይዞ ይላጣል። ስለዚህ የአፈር ብሎክ የሚመረጠው ፊቱን እንዳለ ለመተው፣ ቢበዛ ውስጡን በጭቃ ወይም በኖራ ለመለሰን ለቆረጠ ሰው ነው። ንጹሕ መስመር የሚያወጣ ግንበኛም ያስፈልገዋል፤ ጥፋቱን የሚሸፍንለት ልስን የለምና።

ቀጥሎ አፈሩ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ውስጥ በቦሌ በኩል ያለው መሬት በብዛት ይኸው ነው፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ቀይ አፈር ይገኛል። ከላይ ያለውን ሥርና ብስባሽ የበዛበትን ጠርጋችሁ ከሥሩ ያለውን ውሰዱ። ለመፈተን 60 ሴንቲ ርዝመት፣ 4 ሴንቲ ስፋትና 4 ሴንቲ ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን አሠሩ፤ ውስጡን ዘይት ቀቡት፣ እርጥብ አፈር ጠቅጥቃችሁ ሙሉት፣ ጥላ ሥር ለሳምንት አድርቁት። ከዚያ የደረቀውን ወደ አንድ ጫፍ ገፍታችሁ የተከፈተውን ክፍተት ለኩ። ከ15 ሚሊ ሜትር ካነሰ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ18 እጅ አፈር ይበቃል፤ እስከ 30 ከሆነ 1 ለ16፣ እስከ 45 ከሆነ 1 ለ14፣ እስከ 60 ከሆነ 1 ለ12። ከዚያ ካለፈ አሸዋ ቀላቅላችሁ እንደገና ፈትኑ። ሻጩ ይህን ፈተና አድርጎ እንደሆነ ጠይቁት፤ ለየትኛውም አፈር አንድ ዓይነት ልክ የሚጠቀም አምራች አይታመንም።

ብሎኩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የውሃው ልክ ነው። የተቦካውን በእጅ ጨብጣችሁ አድቦልቡሉና ከትከሻ ከፍታ መሬት ላይ ልቀቁት፤ አራት አምስት ቦታ ከተከፈለ ልክ ነው፣ እንደ ዱቄት ከተበተነ ደርቋል፣ ሳይሰበር ከተጠፈጠፈ ውሃ በዝቶበታል። ሁለተኛው ችኮላ ነው። ሲሚንቶ ውሃ ካገኘ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተጨምቆ ማለቅ አለበት፤ ጠዋት ተቦክቶ እስከ ምሳ የሚቆይ ክምር ሲሚንቶው ሞቷል። ከማሽን የወጣው ብሎክ ለ7 ቀን በላስቲክ ተሸፍኖ በእርጥበት ይቆይ፣ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ከ28 ቀን በኋላ ይሁን። ስትገዙ አንዱን ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ጥንካሬው በእርጥበት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፣ ይህ ያለ ነው፤ ጠርዙ በጣት ሲፈገፈግ ከረገፈ ግን አትግዙት።

ቤቱም ሊያግዘው ይገባል፦ ከመሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ በላዩ እርጥበት የሚከላከል ንጣፍ፣ 60 ሴንቲ የወጣ የጣሪያ ክፈፍ። ፎቅ ላይ ለመጠቀም ያሰበ ለመሐንዲሱ አስቀድሞ ይንገረው፤ አንድ ካሬው ወደ 260 ኪሎ ይከብዳል።

ብሎኬት ለመረጠ ምክራችን አጭር ነው። ፑሚስ (ቀላል፣ ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የገባበትን ጠይቁ፣ ይቀላል፣ ሙቀትም ብዙ አያስተላልፍም። ሁለት ብሎኬት ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይስጡ። ውሃ ሳይጠጣ በሦስተኛው ቀን የተጫነ ብሎኬት ገና ከመኪና ሲወርድ ጠርዙ ይረግፋል። ለብሎኬትና ለልስን ፒፒሲ የሚባለው ድብልቅ ሲሚንቶ ይበቃል፤ የተፈጨ ፑሚስ ስላለበት ክሊንከሩ ያነሰ ነው። ክሊንከር የሚበዛበትን ኦፒሲ ለኮለንና ለቢም (ለኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ) አስቀሩት።

አግሮስቶን ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው። የሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት፣ ፑሚስና የመስታወት ክር (ፋይበርግላስ) በማግኒዚየም ማያያዣ ተቦክተው የሚወጡ ሰሌዳዎች ናቸው፤ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ክፍል ለመክፈል ገብቷል። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይቆማል፣ ሲሚንቶም አይበላም። ድክመቱ ውሃ ነው፤ በማግኒዚየም ክሎራይድ የሚሠራ ማያያዣ ውሃ በዘለቀው ቁጥር ጥንካሬ ያጣል፣ የሚለቀው ክሎራይድም የነካውን ብረት ያዝጋል። ስለዚህ ለመኝታ ቤትና ለሳሎን መከፋፈያ ጥሩ ነው፣ ለመታጠቢያ ቤትና ለውጭ ግድግዳ አይሁን። የወጥ ቤት ቁም ሳጥን የሚሰቀልበትንም ቦታ ሰሌዳው ሳይቆም ወስናችሁ ከኋላው ድጋፍ አስገቡ።

ከፈረሰ ቤት የሚወጣውን ደግሞ አትናቁ። የደቀቀ ኮንክሪት ከወለል በታች ለሙሌት ጥሩ ነው፤ በርና መስኮት መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል፣ የግድግዳው ክፍተት ግን ከተገዛው በር ልክ ተነስቶ ይከፈት። ተጣሞ የተቃናን ፌሮ ኮለን ውስጥ አታስገቡ፤ በታጠፈበት ቦታ ተዳክሟልና።

በመጨረሻ ዋጋ ስታወዳድሩ ሻጩን ስለ ፍሬ ሳይሆን ስለ ካሬ ጠይቁት፦ ማጓጓዣ፣ ስብራት፣ ሞልታ፣ ልስንና የእጅ ዋጋ ተደምሮ። ቀይ አፈር በግቢያችሁ ካለና ማሽን መከራየት ከቻላችሁ የአፈር ብሎኩን የምትሠሩት ክረምት ሳይገባ ይሁን፤ ያልጠነከረ ብሎክ አንድ ከባድ ዝናብ ካገኘው መልሶ አፈር ይሆናል።