ፖላራይዘር ፊልተር በድሬ ፀሐይና በጅቡቲ ባሕር

ከመስከረም ወዲህ ከካሜራ ዕቃዎቼ ሁሉ በላይ ያገለገለኝ ሌንሱ አፍ ላይ የሚጠመዘዝ አንድ ክብ መስታወት ነው፤ ሰርኩላር ፖላራይዘር የሚባለው፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር። ገንዘብ አጠራቅማችሁ ሁለተኛ ሌንስ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ እንደኔ መልክዓ ምድርና ውሃ ማንሳት የምትወዱ፣ መጀመሪያ ይሄን ግዙ እላለሁ። አብዛኞቹ ፊልተሮች የሚሠሩትን ቤት ገብተን በኤዲት እንሠራዋለን፤ የዚህኛውን ግን አንችልም። ቅጠል ወይም ውሃ ላይ ያረፈ ነጸብራቅ ሥሩ ያለውን ቀለም ሸፍኖት ከተነሳ፣ ያ ቀለም ፎቶው ውስጥ አልገባም ማለት ነው። የኤዲት ፕሮግራሙ ላይትሩም ያልገባ ነገር ከየት ያመጣል?

ካሜራዬ ኒኮን ዲ7200 ነው፤ ሌንሱም አብሮት ይሸጥ የነበረው 18-140፣ የፊልተሩ መጠን 67 ሚሊሜትር። የፊልተሩን አምራች ስም አላነሳም። በመካከለኛ ዋጋ ከሚሸጡት አንዱ ነው፤ ከዚህ በታች የምለውም አብዛኛው የዚህ ደረጃ ለሆነ ፖላራይዘር ሁሉ ይሠራል።

የገዛሁት እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ነው። የድሬ ሰው እንደሚያውቀው እዚያ ዋናውም አስመሳዩም ጎን ለጎን ተደርድሮ ነው የሚሸጠው፤ ስለዚህ ሣጥኑን ትታችሁ መስታወቱን ፈትኑ። እኔ ባለሱቁን ካልኩሌተሩን እንዲያቀብለኝ ጠየቅኩት።

"አቦ፣ ዋጋውን ነገርኩህ አይደል? ምን ልትደምር ነው?"

ፊልተሩን ካሜራ ላይ እንደሚገጠምበት አድርጌ ይዤ፣ በውስጡ የካልኩሌተሩን ቁጥሮች እያየሁ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ሩብ ዙር ሳይሞላ ስክሪኑ ጠቆረና ቁጥሮቹ ጠፉ፤ አሁንም ሲዞር ተመለሱ። ጥሩ ፖላራይዘር እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ ፊቱን ወደ ኋላ ገልብጬ ደገምኩት፤ አሁን አልጠቆረም፣ ቀለሙ ብቻ ትንሽ ተለዋወጠ። ይሄ ሰርኩላር መሆኑን ያሳያል። በሁለቱም ፊቱ የሚያጠቁር ከሆነ ሊኒየር የሚባለው ነው፤ እንደኔ ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ ላይ አውቶፎከሱንና የብርሃን ልኬቱን ሊያሳስት ይችላል። በየትኛውም በኩል ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ተራ መስታወት ነው የያዛችሁት። ባለሱቁም ነገሩ ገርሞት የቀሩትን ሣጥኖች እያወጣ ራሱ መሞከር ጀመረ፤ ከመካከላቸው አንዱ ካልኩሌተሩን ንክችም አላደረገው።

ሥራውን በደንብ ያየሁት የደንገጎን ዳገት ከወጣሁ በኋላ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳገቱን ጨርሳችሁ ወደ ሐረማያ ስትጠጉ 2,000 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። ከክረምት በኋላ አየሩ ታጥቦ፣ የጫቱ እርከን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በዓይን ሲታይ እንዲያ የሚያምረው ኮረብታ ግን ፎቶ ላይ ለምን እንደሚገረጣ ብዙዎቻችን ተቸግረናል። የጫት ቅጠል ልሙጥ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል ሰማዩን እያንጸባረቀ ነጭ ይሆናል፣ እሱ ሲጠራቀም አረንጓዴው ይደበዝዛል። አንድ ግንድ አጠገብ ቆሜ በፊልተሩ እያየሁ ቀለበቱን ሳዞር፣ ቅጠሉ ላይ የነበረው ነጭ ብልጭታ ከጠርዝ ወደ ውስጥ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። የቅጠሉ ደም ሥር፣ የተበሳበት ቦታ፣ ቀንበጡ ላይ ያለው ቀላ ያለ ቀለም ሁሉ ወጣ። ፎቶውን ያለ ፊልተር ካነሳሁት ጋር ጎን ለጎን ሳደርገው በተለያየ ወር የተነሳ ይመስላል።

ይሄ በብረት ላይ አይሠራም። የቆርቆሮ ጣሪያ ብልጭታ ቀለበቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታዞሩት አይነቃነቅም፤ ከራቁት ብረት የሚመለስ ብርሃን ፖላራይዝድ (ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ) ስላልሆነ ነው። ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ይቀንሳል።

ሰማዩን ማጥቆር የራሱ ሕግ አለው። ሌባ ጣታችሁን ወደ ፀሐይ ቀስሩ፣ አውራ ጣታችሁን ከእሱ ጋር ዘጠና ዲግሪ ማዕዘን እንዲሠራ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ አሁን ሌባ ጣታችሁ ከፀሐይ ሳይነቀል እጃችሁን ስታሽከረክሩ አውራ ጣታችሁ የሚያልፍበት ሰማይ ሁሉ ፊልተሩ በደንብ የሚሠራበት ነው። ፀሐይን ፊት ለፊት ወይም ከጀርባ አድርጋችሁ ካነሳችሁ ሰማዩ ላይ ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ለእኛ ደስ የሚለው፣ እኛ አገር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ስለምትወጣ ያ መስመር አድማሱን ዙሪያውን ይከባል። የፎቶ መጻሕፍት እኩለ ቀን ላይ ካሜራችሁን ክተቱ ይላሉ፤ በድሬ ስድስት ሰዓት ላይ ከዚህ ፊልተር ጋር ሰማዩ በየትኛውም አቅጣጫ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚወጣው። ፊት ላይ የሚወድቀውን ጠንካራ ጥላ ግን አይፈታውም።

ሐረማያ ሐይቅ ላይ ለአንባቢ የምለው አንድ ነገር አለኝ፦ ቀለበቱን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻ አታዙሩ። ያ ሐይቅ ደርቆ ከርሞ ውሃው የተመለሰ ነው፣ ስለዚህ እዚያ ስሄድ የምፈልገው ውሃው ላይ የተኛውን ሰማይ ነው። ፊልተሩን ሙሉ ካዞርኩት ሰማዩ ከውሃው ላይ ተገፎ ቡናማ ጭቃ ይቀራል። ግማሽ ላይ ሳቆመው ግን ከፊት ያለው ቄጠማ ሥሩ ድረስ ይታያል፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ደመናው ውሃው ላይ እንዳለ ነው።

የድሬ ሰው ባሕር ሲያምረው የሚያስበው ጅቡቲን ነው። ከተማችንም የተወለደችው ከዚያ በመጣው ሐዲድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚህ የደረሰው ከባሕሩ ተነሥቶ ነው። አሁን በአዲሱ መስመር ናጋድ ጣቢያ ትወርዳላችሁ። እኔ በታኅሣሥ ነበር የሄድኩት፣ ሙቀቱ በሚበርድበት ጊዜ። ወደቡንና ወታደራዊ አካባቢውን ማንሳት ክልክል ስለሆነ ካሜራዬን ከቦርሳ ያወጣሁት ከከተማው ከራቅን በኋላ ነው።

የአርታ ባሕር ዳርቻ ለፖላራይዘር የተሠራ ይመስለኛል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ፊታችሁን ወደ ውሃው ስታዞሩ ወደ ሰሜን ነው የምታዩት፤ ከማዶ የጎዳ ተራሮች አሉ። ጠዋት ፀሐይ በቀኛችሁ፣ ከሰዓት በግራችሁ ናት፤ በሁለቱም ጊዜ ሰማዩ ትክክለኛው ማዕዘን ላይ ይውላል። ውሃው ላይ ግን የሚወስነው ቁልቁል የምታዩበት ማዕዘን ነው። ከውሃው ገጽ 37 ዲግሪ ገደማ ወደ ታች ስታዩ ነጸብራቁ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ቆሞ ለሚያነሳ ሰው ከእግሩ ፊት ሁለት ሜትር አካባቢ ያለው ውሃ ማለት ነው። እዚያ ጠርዙ ላይ ቆሜ ቀለበቱን ሳዞረው ብራማው ገጽ እንደ መጋረጃ ተገለጠ። ጥቁር ድንጋዮች፣ በመካከላቸው የተሰባበረ ነጭ ዛጎል፣ ከአንዱ ድንጋይ ሥር ወደ ሌላው በጎኗ የምትሮጥ ትንሽ ሸርጣን፤ በዓይኔ ሳይ ያልነበሩ ነገሮች ናቸው። ወደ ጥልቁ ሲሄድ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ የሚለወጥበት መስመር ተቆርጦ ይታያል። ከዚህ በኋላ ባሕርን ያለ ፖላራይዘር አንሥቼ የምረካ አይመስለኝም።

አሳል ሐይቅ ላይ ጥቅሙ ያነሰ ነው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ነጭ ጨው ላይ ትቆማላችሁ። ደረቁ ጨው ላይ ፊልተሩ ብዙም አይለውጥም፤ እርጥቡ ጠርዝ ላይ ግን የውሃውን ቱርኩዋዝ ቀለም ያወጣዋል። ነጩ ካሜራውን ስለሚያታልለው ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ ያህል (ብርሃኑን በእጥፍ) ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ጨው ግራጫ ይሆናል።

ጀጎል ውስጥ ስገባ አወልቀዋለሁ። የሐረር ግድግዳ በኖራ የተቀባ ነው፣ ገጹ አያብረቀርቅም፤ መንገዶቹም ጠባብና ጥላ ናቸው። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹን ለማንሳት የሚያስፈልጋችሁ ብርሃን ነው፤ ይሄ ዕቃ ደግሞ ብርሃን ይበላል። ከአንድ ስቶፕ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ይወስዳል፤ በ1/250 ሰከንድ የምታነሱት ወደ 1/80 ወይም 1/60 ይወርዳል፣ የስፌት እጅ ደግሞ በዚያ ፍጥነት አይያዝም። ከሐኪም ተራራ ላይ ሆኖ ከተማዋን በሩቅ ማንሳት ሲሆን መልሼ እገጥመዋለሁ። በበጋ መጨረሻ ድሬ ላይ የሚንሳፈፈውን አቧራ ይቆርጣል ብሎ ተስፋ ያደረገ ካለ ግን፣ አይቆርጥም። ስስ ጭጋግን ይቀንሳል፣ የአቧራው ቅንጣት ግን ለዚህ በጣም ትልቅ ነው።

የ18 ሚሊሜትሩ ሰፊ እይታም ችግር አለው። ሰማዩ በጣም ሰፊ ሲሆን አንዱ ወገን ጠቁሮ ሌላው ገርጥቶ ይቀራል፤ እኔ ወደ 35 አካባቢ ጠጋ አድርጌ ነው የማነሳው። የሌንሱ ሁድ (የፀሐይ ከለላው) ተገጥሞ ቀለበቱን በጣት ማዞርም አስቸጋሪ ነው፣ ስለዚህ ውጭ ስሆን ሁዱ ቦርሳ ውስጥ ይውላል። የእኔው ፊልተር ፎቶውን ትንሽ ወደ ቢጫ ያዘነብለዋል፤ ሮው (ያልተጨመቀ ጥሬ ፋይል) ለሚያነሳ ሰው ዋይት ባላንስን (የቀለም ሚዛኑን) ነካ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ወደ ጥንካሬው። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋና ከጅቡቲ ጨው በኋላ ቀለበቱ እንደ በፊቱ ለስላሳ አይደለም፤ ሲዞር ሽርሽር የሚል ድምፅ አለው። በጎማ መንፊያ አየር እየነፋሁ ማጽዳት በቂ ይሆናል ብዬ ነበር፣ በከፊል ብቻ ነው የሠራው። የባሕር ርጭት ሲነካው ደረቅ ጨርቅ እንዳታስጠጉ፤ ጨዉ መስታወቱን ይፍቃል። መጀመሪያ በንጹህ ውሃ በራሰ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ። አየር ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ወደ ጅቡቲ ሙቀት ስትወጡ መስታወቱ ወዲያው በጤዛ ይሸፈናል፣ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ሙቀት ሲበዛ ፊልተሩ ሌንሱ ላይ ተጣብቆ እንቢ ይላል፤ ቀለበቱን በጣት ከማነቅ ይልቅ ሰፋ ያለ ላስቲክ ጠምጥማችሁ ሳትጫኑ ብታዞሩት ይወጣል።

አሳሳቢው በቅርቡ ያየሁት ነው። በአንድ በኩል ጠርዙ ላይ ከጥፍር ያነሰ የደበዘዘ መስመር ወጥቷል። ፖላራይዘር በሁለት መስታወት መካከል የተጣበቀ ስስ ፊልም ነው፤ ማጣበቂያው መልቀቅ ሲጀምር እንዲህ ይታያል። ለጊዜው ፎቶ ላይ አይታይም። በድሬ ፀሐይ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ ፖላራይዘር መተው እንደሌለበት ግን ለማንም እናገራለሁ።

ይሄኛው ሲያልቅ የምገዛው ቀለበቱ ከነሐስ የተሠራውን ነው፤ የእኔው አሉሚኒየም ስለሆነ ነው ሌንሱ ላይ የሚነክሰው። ከመግዛታችሁ በፊት የሌንሶቻችሁን አፍ ሁሉ ለኩና ለትልቁ ግዙ፤ ለትናንሾቹ ማስፊያ ቀለበት ርካሽ ነው፣ እኔም ያንኑ ፊልተር 52 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ የምጠቀመው በእሱ ነው። ሌንሳችሁ ፎከስ ሲያደርግ አፉ አብሮ የሚዞር ከሆነ መጀመሪያ ፎከስ አድርጉ፣ ከዚያ ፊልተሩን አስተካክሉ።