ታቦቹ ወደ ጎን ከወረዱ ወዲህ፦ አዲሱ ፋየርፎክስ በአንድ የደሴ ኮፒ ቤት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ሰው በሚስተናገድበት ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ከሆነ፣ ፋየርፎክስ የሚባለው ብሮውዘር ያመጣው አዲሱ የታብ (በአንድ መስኮት የሚከፈቱ ገጾች) አደራደር ይጠቅማችኋል። ታቦችን በቡድን የሚያሰባስበው ታብ ግሩፕ ግን የአንዱን ደንበኛ አካውንት ከሌላው ይለይልኛል ብላችሁ ከተማመናችሁበት ጉድ ያፈላባችኋል። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተወርቷል፤ ስለ ሁለተኛው እኛ ሰፈር የሚያወራ ስላላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ከኮፒውና ከላሚኔቱ ይልቅ እንጀራችን ያለው «ኦንላይን ሙላልኝ» በሚባለው ሥራ ነው፤ የፓስፖርት ማመልከቻ፣ የንግድ ፈቃድ እድሳት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የሥራ ማመልከቻ። ኮምፒውተሮቹ ያረጁ ናቸው፣ ራማቸው (ጊዜያዊ ሜሞሪያቸው) 4 ጊጋባይት ነው። ኢንተርኔቱም በፓኬጅ የምንገዛው ነው። አዲሱን ፋየርፎክስ ለወራት የተጠቀምኩት በዚህ ሁኔታ ነው፤ አዲስ ላፕቶፕና ዋይፋይ ያለው ሰው የተለየ ነገር ቢል አልከራከረውም።

የተለወጠው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የወጣው 136ኛው ቨርዥን ታቦችን ከላይ ወደ ታች፣ በስክሪኑ ጎን መደርደር አስቻለ። ኤፕሪል ላይ 137 ታብ ግሩፕን ማዳረስ ጀመረ፤ በዚያው ወር መጨረሻ 138 ተከተለ። አንዱን ታብ ጎትታችሁ ሌላው ላይ ስትጥሉት ግሩፕ ይሆናል። ስም ትሰጡታላችሁ፣ ቀለም ትመርጡለታላችሁ፣ ሲበዛባችሁ ታጥፉታላችሁ።

ተጠቃሚዎች ፋየርፎክስን ከሚሠራው ከሞዚላ አጥብቀው ሲጠይቁት የኖሩት ነገር ነው። የሚገርመው ፋየርፎክስ ድሮም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከፋየርፎክስ 4 ጋር ፓኖራማ የሚባል የታብ ግሩፕ መጥቶ፣ በ2016 በ45ኛው ቨርዥን ተነቀለ። ከሌሎቹ ብሮውዘሮች ክሮም በ2020 የራሱን አወጣ፣ ኤጅ ደግሞ በ2021 የጎን ታብን አመጣ። የቆዩ ተጠቃሚዎች ደስታቸው ውስጥ ቅሬታ ቢቀላቀልበት አይፈረድባቸውም። የራሳቸውን ወስዶ ከዓመታት በኋላ እንደ ስጦታ የመለሰላቸው እኮ ነው።

እኛ ቤት ለውጡን መጀመሪያ ያየችው አብራኝ የምትሠራው ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ታቦቹን ማን ወሰዳቸው?» አለችኝ። እስክትለምደው ድረስ እጇ ወደ ላይ ይሄድባት ነበር፤ አሁን ወደ ድሮው ልመልሰው ብላት አትሰማኝም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምንም ሳይጠይቁ ተቀምጠው ይሠራሉ። ሌላው ደንበኛ ጭራሽ አላየውም፤ የእሱ ጥያቄ «ኔትወርክ አለ?» ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛዬ ሳሳየው ሳቀብኝ፣ ኤጅ ላይ ለምዶት ኖሯል።

ለአማርኛ አንባቢ የጎን ታብ ትልቅ ነገር ነው። ታቦቹ ከላይ ሲደረደሩ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን ይጠባሉ፤ መጨረሻ ላይ አርማውና ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ይቀራል። የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ደግሞ ርዕሱ «የኢትዮጵያ» ብሎ የሚጀምር ብዙ ነው። ስለዚህ ከላይ «የኢት» «የኢት» «የኢት» ተደርድሮ ታያላችሁ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ መጫን ነው። በጎን ሲሆን ርዕሱ ሰፋ ብሎ ይነበባል። የሚያስከፍለው ቦታ ነው። ሰፊ ስክሪን ላይ አይሰማችሁም፤ አራት ማዕዘን በሆነው አሮጌ ሞኒተር ላይ ግን ፎርሙ ተገፍቶ፣ በቀኝ ያለው «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ከዓይን ይሰወራል። ዝርዝሩን አጥቦ አርማ ብቻ ማስቀረት ይቻላል፤ ያኔ ግን የርዕሱ ጥቅም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ሞኒተር ላይ ታቦቹን ወደ ላይ መልሻቸዋለሁ።

ወደ ግሩፑ ልምጣ። ለደጋግሞ መጪ ደንበኛ ግሩፕ እከፍታለሁ፤ «ሰኞ ገበያ ሱቅ፣ ፈቃድ»፣ «ሐርቡ፣ ፓስፖርት»። ከሐርቡ የሚመጡት እናት «ልጄ፣ ቀጠሮው አልወጣም ወይ?» ብለው ሲገቡ፣ «ይቀመጡ እትዬ» ብዬ ያስቀመጥኩትን ግሩፕ እጫናለሁ፤ የሚፈለጉት ገጾች ተያይዘው ይመጣሉ። ዱሮ ሂስትሪ ውስጥ ገብቼ ስቆፍር ሰልፉ እስከ በር ይደርስ ነበር። ግሩፑን ዘግታችሁ ስታስቀምጡት አይጠፋም፣ መብራት ሄዶ ቢመጣም ስሙን ይዞ ይጠብቃችኋል።

አሁን ጣጣው። የሱቁ ባለቤት አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ሳለ ሌላ ነጋዴ መጣ እንበል። ለእሱ ሌላ ግሩፕ፣ ሌላ ቀለም ትከፍቱለታላችሁ፤ ያንኑ ድረ ገጽ ስትጠሩት ግን በመጀመሪያው ሰው ስም እንኳን ደህና መጡ ይላል። ብሮውዘሩ አልተበላሸም። አካውንት ውስጥ መግባታችሁን የሚያስታውሰው ኩኪ የሚቀመጠው ለግሩፑ ሳይሆን ታቦቹ ሁሉ ለሚጋሩት ፕሮፋይል በሙሉ ነው፤ ግሩፕ የሚያደራጀው ዓይናችሁ የሚያየውን ብቻ ነው። ሳያስተውል የሞላ ሰው የአንዱን ፎርም በሌላው አካውንት ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከያ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ነው።

መፍትሔ አለው። ሞዚላ ራሱ የሠራው መልቲ አካውንት ኮንቴይነርስ የሚባል ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አለ፤ ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር የተለየ የኩኪ ማስቀመጫ ስለሚሰጥ አንዱን ድረ ገጽ በሁለት አካውንት ጎን ለጎን መክፈት ይቻላል። ለቋሚ ነጋዴዎቼ የምጠቀመው እሱን ነው። ለአንድ ቀን መጪ፣ ሲዘጋ ኩኪውን የሚያጠፋው ፕራይቬት ዊንዶው ይበቃል፤ ግን እሱም ወጥመድ አለው። በአንድ ጊዜ የተከፈቱ ፕራይቬት ዊንዶዎች ኩኪ ይጋራሉ፣ የሚጠፋውም የመጨረሻው ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ሰው ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁሉንም ዝጉ። ደግሞ ግሩፕን በደንበኛ ሙሉ ስም አትሰይሙ፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ያነበዋል።

ራምን በተመለከተ፣ ግሩፕ ማጠፍ ምንም አያቀልም፤ ገጾቹ ከመጋረጃ ጀርባ እየበሉ ናቸው። በጁን 2025 የወጣው 140 ግን ታቡ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ከሜሞሪ ማውረድ አስቻለ፤ ታቡ ቦታው ላይ ይቆያል፣ ራሙ ይለቀቃል። ለ4 ጊጋባይት ማሽን ይህ ከቀለሙም ከስሙም ይበልጣል። ሲመለሱበት ገጹ እንደገና ስለሚጫን ዳታ ይበላል፣ በግማሽ የተሞላ ፎርምም ሊጠፋ ይችላል። ፎርሙ ተሞልቶ የተላከበትን ታብ ብቻ ከሜሞሪ አውርዱ።

141 ላይ ደግሞ ለግሩፑ ስም የሚጠቁም፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ። ስም ለማውጣት ወሎዬ ማሽን አይጠይቅም። አጠፋሁት።

ሰው ያስቆጣው ግን ታቡ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2025 ሞዚላ አዲስ የአጠቃቀም ውል አውጥቶ፣ በብሮውዘሩ ለምታስገቡት መረጃ ፈቃድ ትሰጡናላችሁ የሚል ሐረግ አካተተ፤ ዳታችሁን አንሸጥም የሚለውንም የቆየ ቃል ከድረ ገጹ አነሳ። ጩኸቱ ሲበረታ በቀናት ውስጥ ሐረጉን እንደገና ጻፈው። የሰው መታወቂያና ስልክ ቁጥር ሲያስገባ የሚውል ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ አያልፍም፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ መረጃ መላክ የሚለውን ሁሉ ነቅያለሁ።

ታዲያ ብሮውዘሬን ለምን አልቀየርኩም? ክሮም የቆየውን የኤክስቴንሽን ሥርዓት ሲያስወጣ ማስታወቂያ የሚያግደው ዩብሎክ ኦሪጅን አብሮ ወጣ፤ ፋየርፎክስ ላይ እስካሁን ይሠራል። በፓኬጅ ለሚኖር ቤት፣ ሳይጫን የቀረ ማስታወቂያ የተረፈ ብር ነው። ፋየርፎክስን የማይቀበል የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ስላለ ክሮምንም አላጠፋሁትም።

ዊንዶውስ 7 ያለበት አንድ ማሽን ቀርቶኛል። እሱ ከ115ኛው ቨርዥን ስለማያልፍ የጎን ታብም ግሩፕም አይደርሰውም። የትየባና የፕሪንት ሥራ ይሠራበታል፤ ፓስወርድ የሚገባበትን ሥራ ግን እሱ ላይ አላስነካም።